ዘይቱ ያልነካው ሸሚዝ

የሞተው ሰውዬ ትልቅ ሰው ነበር። ትልቅ ሲባል በዕድሜ ወይም በማዕረግ ብቻ አይደለም፤ ሲቀመጥ ወንበሩ ይቅርታ የሚጠይቀው፣ ሲያስል ወደብ ላይ ያሉ ጀልባዎች መልሕቃቸውን የሚፈትሹለት ዓይነት ሰው ነበር። ዕድሜውን በሙሉ የመንገደኛ ጀልባ ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ በትልቅ የአትክልት ግቢ ውስጥ ቤት ሠርቶ ቤቱን እንደ መርከብ ያዝዘው ነበር። ሰፈሩም «ካፒቴኑ» ነው የሚለው። ያን ዕለት ጠዋት ግን ካፒቴኑ በገዛ አጥሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ፣ ከወገቡ በላይ ከባድ የጣውላ ክንፍ ተጭኖት ተገኘ።

በዚያ ከተማ ዝናብ አይጥልም፤ ይገለበጣል። አልጋ ሥር ያደረ ጫማ ጠዋት ጺም አብቅሎ ይገኛል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአያት ፎቶግራፍ በአንድ ክረምት ፊቱ አረንጓዴ ይሆናል። እንዲህ ባለ አገር የእንጨት አጥር ማቆም በየዓመቱ ሰማይን ከሶ ፍርድ ቤት መቆም ማለት ነው። የካፒቴኑ አጥር ግን ገና ያልተረታ አጥር ነበር፤ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ፣ ጣውላው እርስ በርሱ ገጥሞ የጎረቤትን ዓይን ቀርቶ የጎረቤትን ሐሳብ የማያሳልፍ። በክንፍ በክንፍ ተሠርቶ ምሰሶዎቹ ላይ በብረት መንጠቆ ተሰቅሏል። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ክንፎቹ እየወረዱ ይፈገፈጋሉ፣ በረንዳ ላይ ይደርቃሉ፣ ዘይት ይቀባሉ።

አጥሩ ሁለት ፊት አለው። ወደ ካፒቴኑ ግቢ የሚያየው ፊት ፀሐይ ስለሚያገኘው ንጹሕ ነው። ወደ ጎረቤቱ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ግቢ የሚያየው ደግሞ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስለሚውል አረንጓዴ ዝልግልግ እንደ ቅቤ ተለጥፎበታል።

የጣቢያው ሳጅን ጉዳዩን ቁርሱን ሳይጨርስ ዘጋው።

«ማዕበሉ ነቀለው፣ ወደቀበት፣ ሞተ» አለ። «ይኼን አጥር የሠራው ማን ነው? አምጡልኝ!»

አናጺውን ከቤቱ ጎትተው አመጡት። እጁ ላይ ካቴና ገባ፤ ጥፋቱ በቸልተኛ ሥራ ሰው መግደል ተባለ። ለዚህ የሚፈረደው ዓመት የአንድ ሰው ጥቁር ፀጉር ነጭ ሆኖ እስኪረግፍ ይበቃል።

«ሚስቴ ወሯ ገብቷል!» አናጺው ጭቃው ላይ ቆሞ ይጮኻል። «ዛሬ ነገ እያለች ነው! እኔን እዚህ አስራችሁ እሷን ማን ሆስፒታል ያደርሳታል? ነፋሱ?»

«ነፋሱ የሚያደርሰው አንተን ነው፤ ወህኒ ቤት» አለ ሳጅኑ። በገዛ ቀልዱም ረክቶ ዙሪያውን ተመለከተ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም።

መርማሪዋ የደረሰችው በዚህ መሐል ነው። አጭር ሴት ናት፤ ዣንጥላዋ ከእሷ ይረዝማል። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ሰው ዱቄትና እንክርዳድ ቀላቅሎ የነገራትን እሷ ዝም ብላ ትነፋለች፣ እንክርዳዱን ለብቻ ታስቀራለች። በከተማው ውስጥ ሚስቱን የዋሸ ባል በሙሉ እሷ በምታልፍበት መንገድ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል ይባላል። የተጋነነ ነው የሚል ካለ ባሎቹን ይጠይቅ።

መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን አልነበረም፤ ሳጅኑን ነበር። ሳጅኑ እጅጌው ክርኑ ላይ የቀረ፣ ብብቱ ሊተረተር የደረሰ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ለብሷል።

«ይኼን ማን አለበሰህ?»

«እትዬ ናቸው፣ የሟቹ እህት» አለ ሳጅኑ አፍሮ። «ስገባ ‹በስብሰህ ልትሞትብኝ ነው ወይ ልጄ› ብለው ከማድ ቤቱ በር ጀርባ የራሳቸውን አውርደው አለበሱኝ። እናት ማለት ናቸው።»

«ቆንጆ ሆኖልሃል» አለች። ሳጅኑ ዞሮ መንገድ ሲመራት ከኋላው እየተከተለች ጀርባውን ትንሽ ረዘም አድርጋ አየች።

አናጺው መርማሪዋን ሲያይ አፉ ይበልጥ ተከፈተ። «እቴ፣ አንቺ እንኳ ስሚኝ! እኔ የሰቀልኩት ክንፍ በነፋስ አይወድቅም። መንጠቆው ወደ ላይ ካልተነሣ አይለቅም። ነፋስ የሚመጣው ከጎን ነው፤ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ነፋስ ካለ እኔ አናጺነቴን ትቼ አጠናዋለሁ! ነይ እይ፣ መንጠቆው ጎብጧል? አልጎበጠም! እንጨቱ ተሰንጥቋል? አል—»

እየፎከረ የታሰረ እጁን የወደቀው ክንፍ ላይ አሳረፈ። ወዲያው እንደተቃጠለ ሰው መንጭቆ አነሣው። መዳፉ የማር መልክ ባለው ነገር ተለውሷል።

«ይኼ ምንድነው? ዘይት? ማነው ክረምት እየመጣ ዘይት የቀባው? ምን ዓይነቱ እብድ ነው?»

«እኔ ነኝ እብዷ» የሚል ድምፅ ከበረንዳው መጣ። የካፒቴኑ እህት ናት፤ ባል አግብታ የማታውቅ፣ ዕድሜዋን በወንድሟ ቤት ያሳለፈች ቀጥ ያለች ሴት። «ትናንት ከሰዓት ፀሐይ ብቅ ስትል ቀባሁት። በእኛ በኩል ያለውን ፊት ብቻ።»

አናጺው ተሽኮረመመ። «ይቅርታ እትዬ። አላወቅኩም። መልኩ ግን… ቆንጆ ይዟል።»

መርማሪዋ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። የክንፉ የታችኛው ጠርዝ ጭቃውን አልነካም፤ ግራና ቀኝ ሁለት ጡቦች ሥሩ ተቀምጠዋል። ወደ ሰማይ የሚያየው ፊት በዘይት ያብለጨልጫል፣ ዝናቡ እንደ ዶቃ ይንከባለልበታል። በመሐሉ አንድ ጎድጎድ ያለ ትኩስ ጠባሳ አለ፤ እንጨቱ ተፈልጦ ነጭ ሥጋው ይታያል፣ ጠባሳው ውስጥ ዘይት የለም።

«አንሡት» አለች።

ፖሊሶቹ አነሡት። የካፒቴኑ ራስ ከኋላ በኩል ተመቷል። ነጭ ሸሚዙ ጀርባው ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ጠጥቷል፤ ኮሌታው ደም። መርማሪዋ ነጭ መሐረቧን አውጥታ ሸሚዙን ከትከሻ እስከ ወገብ ጠረገችው፣ መሐረቡንም ወደ ብርሃን አንሥታ አየች። ከዚያ ያንኑ መሐረብ በአናጺው መዳፍ ላይ ነካ አደረገችው። በመዳፉ የተነካው ጥግ ቡናማ ሆነ። ሌላው አረንጓዴ ብቻ ነበር።

«አንተ» አለችው አናጺውን፣ «ዘይት የተቀባ ክንፍ አውርደህ መሬት ላይ ስታስቀምጥ እንዴት ነው የምታስቀምጠው?»

አናጺው ደረቱን ነፋ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ካቴናውንም ይረሳል። «ዘይቱ ወደ ላይ ነዋ! ሥሩ ጡብ፣ ጭቃ እንዳይጠጣ። የምሸከመው ደግሞ ጀርባዬ ላይ ነው፤ ያልተቀባው ፊት ወደ ጀርባዬ፣ ዘይቱ ወደ ውጭ። ጎንበስ እላለሁ፣ በጎን ሾልኬ እወጣለሁ፣ ቀስ ብሎ ይተኛል። ይኼን የማያውቅ አናጺ አይባልም፣ ማገዶ ፈላጭ ነው!»

ሳጅኑ ጡቦቹን አየ፣ ዘይቱን አየ፣ አናጺውን አየ። «ኢንስፔክተር፣ ሰሙት? በገዛ አፉ! ይኼ ቸልተኝነት አይደለማ! መትቶ ገድሎት፣ ክንፉን እንደ ልማዱ አሳምሮ ጭኖበታል! ቸልተኝነቱ ተሰርዞ ነፍስ ግድያ ይጻፍልኝ!»

የአናጺው ፊት እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነጭ ሆነ።

«መኪና ውስጥ አታስገባው» አለች መርማሪዋ። «በረንዳ ላይ ይቀመጥ። ከዝናቡ እንዲጠለል።»

ክንፉ በተነሣበት ክፍተት አልፋ ወደ ጎረቤቱ ግቢ ገባች። የጥርስ ሐኪሙ ዣንጥላ ይዞ ቆሞ ጠበቃት፤ ሽማግሌ ነው፣ እጆቹ ንጹሕ፣ ድምፁ ሰው እንዳያምመው የሚጠነቀቅ። አጥሩ ሥር፣ በእሱ በኩል፣ ትራስ ያለው አንድ ወንበር አለ። ዞር ብላ በክፍተቱ አሻግራ አየች። በካፒቴኑ በኩል፣ ልክ በወንበሩ ትይዩ፣ ለመቀመጫ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ከወንበሩም ፊት ከድንጋዩም ፊት ያለው ሣር አልቋል።

«ዶክተር፣ እዚህ ተቀምጠው ምን ያያሉ? ጣውላ ነው ያለው።»

«ጥላው ደስ ይለኛል።»

«ግቢዎ በሙሉ ጥላ ነው።»

የጥርስ ሐኪሙ ዣንጥላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሰው ሲያረጅ ቦታ ይመርጣል።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ ምን ሰሙ?»

«ነጎድጓድ።»

«ብቻ?»

«ብቻ» አለ። ዕድሜውን ሙሉ ሰዎችን «አያምም» እያለ የዋሸ ሰው፣ ይህችን አንዲት ቃል ግን አሳምሮ መዋሸት አቃተው።

የካፒቴኑ ልጅ ሳሎን ውስጥ ነበር። መድኃኒት ቤት ያለው፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ጎልማሳ ነው። የሚኖረው ሌላ ሰፈር ቢሆንም ትናንት ከአባቱ ጋር ራት ሊበላ መጥቶ ነበር። ወንበሩ መደገፊያ ላይ ኮቱ ተሰቅሏል፤ የኮቱ ጀርባ ከትከሻ እስከ ወገብ የማር መልክ ባለው ዘይት ተበላሽቷል። ሳጅኑ ይኼን ሲያይ ዓይኑ በራ። አናጺውን ለአፍታ ረስቶ «አሃ!» አለ።

«አሃ ምን?» አለ ልጁ። «ከራት በፊት ሲጋራ ሳጨስ አጥሩን ተደግፌው ነው። አክስቴ መቀባቷን ማን ነገረኝ?»

«አጥሩ ሥር ነው የሚያጨሱት? ዝናብ እየመጣ?»

«አባቴ ሲጋራ ካየ ካፒቴንነቱ ይነሣበታል። በዚህ ዕድሜዬ ከመርከብ ሊጥለኝ ይችላል።» ሊስቅ ፈለገና አባቱ መሞቱ ትዝ ሲለው ፊቱ ተጨማደደ። «ይችል ነበር።»

«ራት ላይ ምን ተወራ?»

«ስለ አጥሩ። አባቴ ‹ነገ በማለዳ አናጺው ይመጣል፣ አጥሩ ይፈርሳል፣ ቦታው ላይ የብሎኬት ግንብ ይቆማል› አለ። ለእኔ የሚነግር መስሎ አክስቴን እያየ ነበር። እሷም ‹ዛሬ ቀብቼዋለሁ፣ ወጥተህ እየው፣ አዲስ መስሏል› አለችው። ‹ስንት ዓመት ይቆያል መሰለሽ!› አለችው። እሱ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ‹ወሬ የሚያሾልክ አጥር ብትቀቢው ባትቀቢው ለእኔ አንድ ነው› አለ። እኔ ወሬው አልገባኝም። ራቴን በልቼ መሽቶ ሳይጨልም ሄድኩ።»

እህቱን ያገኘቻት ማድ ቤት ነው። ሻይ ጥዳለች።

«እትዬ፣ አጥሩን የሚንከባከቡት እርስዎ ነዎት?»

«ካፒቴኑ እሱ ነበር ልጄ፤ መርከቡን የምፈገፍገው ግን እኔ ነበርኩ። ማውረዱም፣ መፈግፈጉም፣ መቀባቱም። አናጺው ሠርቶ ሄደ፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»

«በጎረቤት በኩል ያለውንስ ፊት?»

«እሱን አልነካውም። እዚያ ግቢ እግሬ ረግጦ አያውቅም። ወንድሜ አይወድም ነበር።»

«ሲወርድስ አይፈገፍጉትም?»

«እሱንማ እፈገፍጋለሁ፣ በረንዳ ላይ። ዘንድሮ ግን ዝናቡ ፋታ አልሰጠኝም። እንደተሰቀለ በእኛ በኩል ያለውን ብቻ ቀባሁት። አንድም አላወረድኩም።»

«ትናንት ዝናቡ ሲጀምር ወጥተው ነበር?»

«በመስኮት አየሁት። አልወጣሁም።»

መርማሪዋ ሻዩን ጠጣች፣ አመሰገነች፣ ዕቃ ቤት ገብታ ወጣች። ከዚያም ሁሉም በረንዳ ላይ እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

ዝናቡ የበረንዳውን ቆርቆሮ እንደ ሠርግ ቤት ከበሮ ይደበድበዋል። አናጺው በካቴና ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ የሳጅኑ መኪና በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል። የካፒቴኑ ልጅ የተበላሸ ኮቱን ታቅፏል። እህቱ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። የጥርስ ሐኪሙ በክፍተቱ አልፎ መጥቶ ከደረጃው ሥር ዝናብ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ዓመታት ሙሉ አጥሩ ከዚህ ግቢ ሲያስቀረው ስለኖረ በረንዳው ላይ ለመውጣት የደፈረ አይመስልም።

«አጭር ነው» አለች መርማሪዋ። «ካፒቴኑ ላይ ክንፉ አልወደቀም። ቢወድቅ ኖሮ ወደ እሱ የሚያየው ፊት፣ ማለትም ዘይት የተቀባው ፊት፣ እሱ ላይ ያርፍ ነበር። አናጺው በእጁ ለቅጽበት ነክቶት መዳፉ ተበላሸ፤ ልጁ ለአንድ ሲጋራ ተደግፎት ኮቱ ተበላሸ። ካፒቴኑ ሌሊቱን ሙሉ ሥሩ አድሮ ሸሚዙ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት የለም። ያለው አረንጓዴው ነው። ክንፉን ሰው አውርዶ፣ አዙሮ፣ ዘይቱን ወደ ላይ አድርጎ ጭኖበታል። ጠዋት ሁላችሁም ስታዩት ለምን ምንም አልመሰላችሁም? በየቀኑ የምታውቁትን ፊት ስላያችሁ ነው።»

ሳጅኑ ወደ አናጺው ጣቱን ቀሰረ። «እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነው!»

«ቆይ። ክንፉን ያስቀመጠው ሰው ዘይቱ ጭቃ እንዳይነካው ተጠንቅቋል፣ ጡብ አምጥቶ ሥሩ አድርጓል። ሬሳ እየደበቀ እንኳ እንጨቱ አሳዘነው። ስለዚህ ዘይቱ እርጥብ መሆኑን ያውቅ ነበር። አናጺው ግን አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ሁላችሁ ፊት እጁን አሳርፎ ተለወሰ፣ የቀባውን ሰውም ሰደበ። የሚያውቅ ሰው እጁን አያሳርፍም።»

አናጺው ቀና አለ። «አላልኩም? አላልኩም እኔ!»

«አንተ ዝም በል፤ ስትናገር ነው የምትታሰረው። ልጁ ያውቅ ነበር፤ ኮቱ መስካሪ ነው። ግን አጥር ተደግፎ ዘይት ጀርባው ላይ ያገኘ ሰው፣ አጥር ተሸክሞ አያውቅም። ተሸካሚ ዘይቱን ከራሱ ያርቃል፤ ያልተቀባውን ፊት ነው ጀርባው ላይ የሚያደርገው። እኔ የምፈልገው ጀርባው ዘይት የነካውን ሰው አይደለም፤ አረንጓዴ የነካውን ነው።»

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከዝናቡ ውስጥ መጣ።

የጥርስ ሐኪሙ ዣንጥላውን ጥሏል። «እኔ ነኝ የገደልኩት። ያ አናጺ ወደ ሚስቱ ይሂድ። አረንጓዴው በእኔ በኩል ነው፣ ክንፉን ከእኔ በኩል ገፋሁት፣ ወደቀበት። ተጣልተን ነበር።»

«ከእርስዎ በኩል ገፉት?»

«ገፋሁት።»

«ዶክተር፣ ከእርስዎ በኩል የተገፋ ክንፍ ዘይቱን ወደ ታች አድርጎ ነው የሚወድቀው። ካፒቴኑ ላይ የትኛው ፊት እንዳረፈ እንኳ አላወቁም። እርስዎ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትናንት የሰሙት ነጎድጓድ አልነበረም። አጥሩ በመዶሻ ሲመታ ሰምተዋል። ከዚያ ዝም ሲል ሰምተዋል። በዚያች ወንበር ላይ ነበሩ።»

ሽማግሌው ወደ አጥሩ ክፍተት ዞረ። ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል።

«ሳጅን» አለች መርማሪዋ፣ «እስቲ ዞር በል።»

«እኔ?»

«አንተ። ጀርባህን ስጠን።»

ሳጅኑ ግራ ተጋብቶ ዞረ። በቢጫው ካፖርት ጀርባ ላይ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ የጣውላ መስመር የመሰለ አረንጓዴ እድፍ ተለጥፏል፤ ዝልግልጉ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ዝናብም አላጠበውም። ፖሊሱ በሙሉ ማስረጃ ፍለጋ ግቢውን ሲያተራምስ፣ ማስረጃው ያን ጠዋት በሙሉ በሳጅኑ ጀርባ ላይ ሆኖ ፖሊሱን ሲያዝዝ ነበር።

«ሳጅኑ ወደ ጎረቤት ግቢ አልገባም» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የካፖርቱ ባለቤትም እዚያ ግቢ እግሯ ረግጦ አያውቅም። ዘንድሮ አንድም ክንፍ አላወረድኩም ብላኛለች። ታዲያ አረንጓዴው የት አገኛት? ዕቃ ቤት ያለው ትልቁ መዶሻ ታጥቧል፤ ራሱና እጀታው የሚገጣጠሙበት ስንጥቅ ውስጥ ግን ዘይት አለ። ካፒቴኑ አናጺውን አልጠበቀም፤ ማፍረሱን ራሱ ጀመረ። ክንፉ ላይ ያለው ጠባሳ የመጀመሪያው ምት ነው። ሁለተኛው ምት ግን ያረፈው አጥሩ ላይ አይደለም።»

ሁሉም ወደ እህቱ ዞሩ። ሳጅኑ ካፖርቱ ያቃጠለው ይመስል ከላዩ ላይ መንጭቆ አወለቀው።

እህቱ ምሰሶውን ለቀቀች። «ዝናቡ ሲጀምር፣ ዘይቱ ሳይደርቅ እንዳይመታው ላስቲክ ላለብሰው ወጣሁ» አለች። «ወንድሜ መዶሻ ይዞ ቆሟል። አንዴ መታው። አዲስ የቀባሁትን! ‹ተው› አልኩት። ‹በዚህ አጥር አሻግረሽ የምታወሪው ሰው ነገ ድምፅሽን አይሰማም› አለኝ። መዶሻውን አስቀምጦ እጁን ጠረገ፣ ሊደግመው። እኔ ነኝ ያነሣሁት። አንዴ ነው።» ወደ ጥርስ ሐኪሙ አላየችም። «ሌላ ምንም አልነበረንም እኮ ልጄ። ወሬ ብቻ ነበር። በቀን ውስጥ ሰው ስሜን የሚጠራኝ እዚያ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ ብቻ ነበር።»

«አናጺው ሲታሰር አይተው ዝም አሉ» አለች መርማሪዋ።

«አዎ» አለች። «ሻይ እየጣድኩ፣ መኪናው ሲሄድ እናገራለሁ አልኩ። መኪናው ቢሄድም አልናገርም ነበር መሰለኝ። ካልዋሸሁሽ።»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ የአናጺውን ካቴና ፈታ። አናጺው የእጁን አንጓ እያሻሸ ተነሣ። በሩ ክፍት ነው፣ ሚስቱ ቤት ናት፤ ይሮጣል ብሎ ሁሉም ጠበቀ። እሱ ግን እህቱ ፊት ሄዶ ቆመ።

«እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ?»

«አታፍርስብኝ ብለው!»

«ወንድሜ እኮ ነገ በማለዳ ይመጣል ብሎ ነበር። በማለዳ።»

«በማለዳ!» አለ አናጺው። «እኔ በማለዳ እመጣለሁ ብዬ በማለዳ የመጣሁበት ቤት አለ? ዛሬም እዚህ ያለሁት ፖሊስ ጎትቶኝ ነው! አሸዋ ጠፋ እል ነበር። አሸዋ ሲገኝ ሲሚንቶው ረጠበ እል ነበር። ሲሚንቶው ሲደርቅ ሚስቴ ወለደች፣ ከዚያ ልጁ ጥርስ አበቀለ፣ ከዚያ ወገቤን አመመኝ። ካፒቴኑ እየተሳደበ፣ እኔ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ እርስዎ እዚያው ተቀምጠው እያወሩ ሁላችንም እናረጅ ነበር እኮ!»

እህቱ አንድ እርምጃ ቀረበችው።

«እውነት ትቀር ነበር?»

«ምን ያለ ጥያቄ ነው እትዬ» አለ አናጺው፣ እንባው እየወረደ። «ሌላ ምን አውቃለሁ።»

ያን ሁሉ ጥያቄ ቀጥ ብላ የመለሰች ሴት፣ በዚህኛው መልስ ወደ ወለሉ አዘነበለች። የጥርስ ሐኪሙ ደረጃውን ወጥቶ፣ መሬት ሳትደርስ ያዛት።